ጥናታዊ ጽሑፍን ለመጽሔት ስለ ማሰናዳት፤ የስም፣ የዘመን፣ የፊደልና የቃላት ጉዳይ

ጥናቱ ተጠናቅቆ፣ ጽሑፉ ታርሞ፣ ለሙያ መጽሔት ሊላክ ሲል የሚቀረው መሰናዶ በብዙ ተመራማሪዎች ዘንድ ተራ የጽሕፈት ሥራ ተደርጎ ይታያል። የኅዳጉ ስፋት፣ የመስመሩ ርቀት፣ የሰንጠረዡ አቀማመጥና ይህን የመሳሰለው ሁሉ መጽሔቱ ያወጣውን መመሪያ ከፊት አስቀምጦ በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር ነው። በዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ መመሪያው የሚለውን መፈጸም ብቻ ነው። ዳሩ ግን አብዛኞቹ መመሪያዎች የተዘጋጁት የቤተሰብ ስም ላላቸው፣ በአንድ የዘመን አቆጣጠር ብቻ ለሚጠቀሙና ሞክሼ ፊደል ለማያውቁ ጸሐፊዎች ነው። በአማርኛ የሚጽፍ፣ ወይም በሌላ ቋንቋ እየጻፈ የአማርኛ መጻሕፍትን በዋቢነት የሚጠራ ሰው መመሪያውን ቃል በቃል ከተከተለ ሥራው ይበላሽበታል። ደራሲው ከመዝገብ ይጠፋል፤ ዘመኑ በሰባትና በስምንት ዓመት ይዛነፋል፤ መጽሐፉም ተፈልጎ አይገኝም። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በእነዚህ ጉዳዮች ላይ ነው።

በቅድሚያ ስለ ጽሑፉ ክፍሎችና ስለ መጠሪያቸው ጥቂት እንበል። የሙያ መጽሔት የተባለው ነገር የተጀመረው በ1665 እ.ኤ.አ. በፓሪስና በለንደን ነው። በለንደን የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር ጸሐፊ ሄንሪ ኦልደንበርግ ያሳትመው በነበረው መጽሔት ውስጥ በዛ ያለውን ቦታ የያዙት ሊቃውንት የሚጻጻፏቸው ደብዳቤዎች ነበሩ። መግቢያ፣ ዘዴ፣ ውጤት፣ ውይይት የሚለው ቋሚ አከፋፈል በሰፊው የተለመደው በ20ኛው ምእተ ዓመት ነው። ይህ አከፋፈል ለቤተ ሙከራና ለመስክ ጥናት ይስማማል፤ ለታሪክ፣ ለሥነ ጽሑፍና ለቋንቋ ጥናት ግን ሁልጊዜ አይስማማምና በግድ ሊጫን አይገባም። የመጽሔቱ መመሪያ ካላስገደደ በስተቀር የነገሩን ሂደት የሚገልጹ ንኡሳን ርእሶች ይበቃሉ።

በጽሑፉ መግቢያ ላይ የሚቀመጠው አጭር መግለጫ እስከ ዛሬ አንድ ስም አልጸናለትም። አንዱ «አጠቃሎ»፣ ሌላው «ጭምቅ ሐሳብ»፣ ሌላው «አኅጽሮተ ጥናት» ይለዋል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት «አጠቃሎ» በመጨረሻ ላይ ከሚገኘው «ማጠቃለያ» ጋር ስለሚጋጭ አይመረጥም። «አኅጽሮተ ጥናት» የተሻለ ነው፤ ማሳጠርን እንጂ መደምደምን አያመለክትም፤ አንባቢው ከሚያውቀው «አኅጽሮተ ቃል» ጋርም በአንድ መንገድ የተሠራ ነው። የትኛውም ቢመረጥ የጥናቱን ጥያቄ፣ መረጃው የተሰበሰበበትን መንገድና የተገኘውን ውጤት መናገር አለበት። «በዚህ ጽሑፍ ስለ እንዲህ ያለ ጉዳይ ተብራርቷል» ብሎ የሚያበቃ አኅጽሮተ ጥናት፣ ውጤቱን ደብቆ ርእሱን የደገመ ነው።

«ዋቢ» የሚለው ቃል ደግሞ ልብ ሊባል ይገባዋል። ዋቢ በሕግና በማኅበራዊ ኑሮ ለሌላው ቃል የሚቆም፣ ምስክርና ዋስ የሚሆን ሰው ነው። «ዋቢ ጠራ» ስንል ለተናገረው ነገር መያዣ አቀረበ ማለታችን ነው። ስለዚህ በዋቢ መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ የሚገባው በጽሑፉ ውስጥ በርግጥ የተጠራው ብቻ ነው፤ ጸሐፊው ያነበበው ግን ያልጠራው መጽሐፍ ምንም ያህል ጠቃሚ ቢሆን ለማንም ቃል አልቆመም። «የግርጌ ማስታወሻ»ም እንዲሁ ከቤት የመጣ ስያሜ ነው፤ አልጋ ራስጌና ግርጌ እንዳለው ገጽም አለው። በአንጻሩ ለኅትመት የሚላከውን ጽሑፍ «የእጅ ጽሑፍ» ማለት አይገባም። በኢትዮጵያ ጥናት መስክ የእጅ ጽሑፍ ማለት የብራና መጽሐፍ ነውና፣ ስለ ብራና መጻሕፍት የሚጽፍ ሰው «የእጅ ጽሑፌን ልኬአለሁ» ቢል ግራ ያጋባል። «ረቂቅ» የሚለው ቃል ይበቃል።

ከሁሉ ይልቅ ጉዳት የሚያደርሰው የስም ጉዳይ ነው። የውጭው መመሪያ «የቤተሰብ ስም ይቅደም፤ የግል ስም በመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ ይጻፍ» ይላል። በእኛ ልማድ ግን የመጀመሪያው ስም የሰውየው የራሱ ነው፤ ሁለተኛው የአባቱ፣ ሦስተኛው የአያቱ ነው። ሴትም ስታገባ የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች እንጂ በባሏ ስም አትጠራም። በዚህ መመሪያ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ሀዲስ ዓለማየሁ «ዓለማየሁ፣ ሀ.» ተብለው ይመዘገባሉ፤ ይኸውም መጽሐፉን አባታቸው ጻፉት እንደ ማለት ነው። ከበደ ሚካኤል «ሚካኤል፣ ከ.» ሲባሉ ሥራቸው ለመልአኩ ይሰጣል። የኅሩይ ወልደ ሥላሴ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፤ የመጨረሻው ቃል የቤተሰብ ስም ነው ተብሎ ስለሚታሰብ «ሥላሴ፣ ኅ. ወ.» ይሆናሉ። «ወልደ ሥላሴ» በሁለት ቃል ቢጻፍም ተናብቦ የተሠራ አንድ ስም ነው፤ ሊከፈል አይችልም። «ወልደ»ን በፊደል አሳጥሮ «ሥላሴ»ን ለብቻው ማስቀረት ስሙን ማፍረስ ነው።

ጉዳቱ ከክብር ጉዳይ ያለፈ ነው። የዛሬ የጥናት ማውጫዎች በኮምፒውተር የሚሠሩ በመሆናቸው የአንድን ተመራማሪ ሥራዎች የሚሰበስቡት በስሙ አጻጻፍ ነው። የአባቱ ስም «ተስፋዬ» የሆነ ሰው ሁሉ በአንድ ቋት ይገባል፤ የማይተዋወቁ ሰዎች እንደ አንድ ሰው ይቆጠራሉ። በሌላ በኩል አንዱ ሰው በአንዱ መጽሔት በራሱ ስም፣ በሌላው በአባቱ ስም፣ በሦስተኛው በአያቱ ስም ሲመዘገብ ሥራው በሦስት ሰዎች መካከል ተበታትኖ ይቀራል። ለሹመት፣ ለእድገት ወይም ለምርምር ገንዘብ ሲወዳደር የጻፈው ሁሉ ተቆጥሮ አይገኝም።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። የኢትዮጵያውያን ስም በዋቢ ዝርዝር ውስጥ ሳይገለበጥ፣ ሳያጥርና በመካከሉ ነጠላ ሰረዝ ሳይገባበት ይጻፋል፤ «ደስታ ተክለ ወልድ»፣ «ኪዳነ ወልድ ክፍሌ» እንደ ማለት። የውጭ አገር ሰው ስም ግን በልማዱ መሠረት ተገልብጦ በነጠላ ሰረዝ ይለያል፤ «ሌስላው፣ ዎልፍ»፣ «ኮኤን፣ ማርሴል»፣ «ቼሩሊ፣ ኤንሪኮ»። ነጠላ ሰረዙ ምልክት ሆኖ ያገለግላል፤ እርሱ ካለ ስሙ ተገልብጧል፤ ከሌለ እንዳለ ነው። ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጽ የወጣው ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካም የኢትዮጵያውያንን ስም ያቀረበው ሳይገለብጥ ነው፤ ስለዚህ የውጭ መጽሔት አዘጋጅ «መመሪያችን አይፈቅድም» ቢል የሚጠቀስለት ምሳሌ አለ። ጥቂት መስመር ያለው መሸኛ ደብዳቤ ከረቂቁ ጋር ቢላክና ይህ ቢገለጽ አብዛኞቹ አዘጋጆች ይቀበላሉ።

በጽሑፉ ውስጥ ሲጠራ «ደስታ 1962»፣ «ኪዳነ ወልድ 1948» ይባላል። «ኪዳነ 1948» ማለት ግን የሰውየውን ስም ከወገቡ መቁረጥ ነው። በአንድ የመጀመሪያ ስም የሚጠሩ ሁለት ደራስያን ቢኖሩ የአባት ስም ይጨመራል። አለቃ፣ ብላቴን ጌታ፣ ዶክተር፣ ወይዘሮ የመሳሰሉት በዝርዝሩ ውስጥ አይገቡም፤ ከገቡ አለቆች ሁሉ በ«አ» ሥር ይሰለፋሉ። አክብሮቱ በግሱ ይጠበቃል፤ «ደስታ (1962) እንዳሉት»። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሳት ይገባል። አንዳንድ ጸሐፊዎች ለአገር ሰው «አሉ»፣ ለውጭ ሰው «አለ» ይላሉ። ሁለቱም በአንድ ጉባኤ የተጠሩ ዋቢዎች ናቸውና ለሁሉም «አሉ» ቢባል ይሻላል።

በአሜሪካ፣ በእስራኤልና በኤሮጳ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን በአገሩ ሕግና ልማድ መሠረት የአባታቸውን ወይም የአያታቸውን ስም የቤተሰብ ስም ያደረጉ አሉ። እነዚህን ራሳቸው በመረጡት መንገድ መጥራት ተገቢ ነው። ማንኛውም ጸሐፊ ከመጀመሪያ ጽሑፉ ጀምሮ የስሙን አጻጻፍ በአማርኛም በላቲን ፊደልም ወስኖ ሳይለውጥ ቢቀጥል፣ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጠውን «ኦርኪድ» የተባለውን የተመራማሪዎች መለያ ቁጥርም ቢይዝ ከብዙ ጣጣ ይድናል። ባለ 16 አኃዙ ቁጥር ስም ቢገለበጥም አይገለበጥም።

ወደ ዘመን አቆጣጠር እንለፍ። «1966» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ዓመት ለአገር ቤት አንባቢ አብዮቱ የፈነዳበት ዘመን ነው፤ ለውጭ አንባቢ ግን አብዮቱ ሊፈነዳ ስምንት ዓመት የቀረው ጊዜ ነው። ስለሆነም ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለው ምልክት መጻፍ አለበት። ጽሑፉ በሙሉ በአንድ አቆጣጠር የሚሄድ ከሆነ በመጀመሪያው የግርጌ ማስታወሻ አንድ ጊዜ ገልጾ ማለፍ ይበቃል፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ ግን በየዓመቱ ሥር ምልክቱ ይግባ።

ዓመቱን ከአንዱ ወደ ሌላው መመለስ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7፣ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ድረስ 8 ይደመራል፤ በዘመነ ዮሐንስ ጃንዋሪ 1 የሚውለው በታኅሣሥ 22 ስለሆነ ወሰኑ በአንድ ቀን ቀደም ይላል። ወሩ የማይታወቅ የመጽሐፍ ዘመን ወደ አንድ ዓመት ሊመለስ አይችልም። የኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት የታተመው በ1948 ዓ.ም. ነው፤ በውጭ አገር ጥናቶች አንዳንዴ 1955፣ አንዳንዴ 1956 ተብሎ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ትክክለኛው መንገድ «1948 ዓ.ም. (1955/56 እ.ኤ.አ.)» ብሎ ሁለቱንም ማስቀመጥ ነው። የመጽሐፉ የራሱ ዘመን ይቅደም፤ ምክንያቱም በርእስ ገጹ ላይ የታተመው እርሱ ነው።

ቀን ሲመለስ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የዐድዋ ድል በዓል የካቲት 23 ቀን ይከበራል፤ ዛሬ ይህ ዕለት ማርች 2 ላይ ይውላል። ጦርነቱ በተካሄደበት በ1888 ዓ.ም. ግን የካቲት 23 የዋለው ማርች 1 ቀን 1896 እ.ኤ.አ. ነበር። 1900 እ.ኤ.አ. በጎርጎርዮስ አቆጣጠር አራተኛ ዓመት ሆኖ ሳለ ጳጉሜን 6ን የሚመስለው ትርፍ ቀን አልተጨመረበትም፤ በእኛ አቆጣጠር ግን እንዲህ ያለ መዝለል የለም። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አቆጣጠሮች በአንድ ቀን ተራርቀዋል። የ19ኛው ምእተ ዓመት ደብዳቤዎችን የሚያጠና ሰው በዛሬው ማመሳከሪያ ቢመልስ በየደብዳቤው አንድ ቀን ይሳሳታል። አንድ ቀን ደግሞ መልእክተኛ መቼ እንደ ደረሰ፣ ውል መቼ እንደ ተፈረመ በሚጠና ጊዜ ትንሽ ነገር አይደለም።

የፊደል ጉዳይ ሁለት መልክ አለው፤ አንደኛው አጻጻፍ፣ ሁለተኛው አደራደር ነው። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ ወይስ በቦታቸው ይጠበቁ የሚለው ክርክር ረጅም ዘመን ያስቆጠረ ነውና እዚህ አንገባበትም። ለመጽሔት የሚጽፍ ሰው ግን አንዱን ይዞ እስከ መጨረሻው መሄድ ግዴታው ነው። በአንድ ገጽ «ሥዕል»፣ በሌላው «ስዕል» ከተጻፈ ኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ይወስዳቸዋል፤ «ፀሐይ» ብሎ የሚፈልግ አንባቢም «ጸሐይ» የሚለውን አያገኝም።

በራስ ጽሑፍ ውስጥ የሚሠራው ሕግ ግን በሰው ርእስና በጥቅስ ላይ አይሠራም። የደስታ ተክለ ወልድ መጽሐፍ ርእስ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ነው። ብዙዎች «አዲስ የአማርኛ መዝገበ ቃላት» እያሉ ይጠቅሱታል። ደራሲው «ዐዲስ» ሲሉ በዐይኑ «ዐ» መጻፋቸው፣ «ያማርኛ» ሲሉም ድምፁን እንደሚነገረው ማዋሐዳቸው በአጋጣሚ አይደለም፤ የሥርዐተ ጽሕፈት አቋማቸው ነው። ርእሱን ማረም አቋማቸውን መሰረዝ ነው፤ በተጨማሪም በቤተ መጻሕፍት ማውጫ የሚፈልገውን ሰው ባዶ እጁን ይመልሰዋል። ርእስ ከሽፋኑ ሳይሆን ከውስጠኛው የርእስ ገጽ ይገልበጥ፤ እንዳለ ይገልበጥ።

አደራደርን በሚመለከት፣ ኪዳነ ወልድና ደስታ መዝገበ ቃላቶቻቸውን ያዘጋጁት በአበገደ ተራ ነው፤ ዛሬ በዋቢ ዝርዝር የተለመደው የሀለሐመ ተራ ነው። በዚህ ተራ «ሀ» አንደኛ፣ «ሐ» ሦስተኛ፣ «ኀ» ዐሥራ ሦስተኛ ናቸው። ኮምፒውተርም በዚሁ ስለሚደረድር ሀዲስ ዓለማየሁ ስማቸው በ«ሐ» ከተጻፈ ከ«ለ» በኋላ ይወርዳሉ፤ ኅሩይም ከ«ተ» ወዲያ ይገኛሉ። ድምፀ ተመሳሳዮችን በአንድ ቦታ ማሰባሰብ ለአንባቢ ይመቻል፤ ግን በእጅ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ከተደረገም በዝርዝሩ ራስጌ ላይ መገለጽ አለበት። በላቲን ፊደል ለሚታተም ጽሑፍ ደግሞ አንድ የታወቀ የድምፅ ምልክት ሥርዐት ተመርጦ ይጠበቅ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ውሳኔው የጸሐፊው ነው፤ «ገና» በመላላት «እስካሁን አልሆነም» ሲሆን በመጥበቅ የልደት በዓል ነው። የሕያው ደራሲ ስም ግን ራሱ በመጽሐፉ ላይ በላቲን ፊደል እንዳሳተመው ይጻፋል።

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው መለያ ነበራቸው፤ በእነርሱ የተጻፈ የቆየ ጽሑፍ ሳይለወጥ ቢላክ በአዘጋጁ ገበታ ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ሌላው በየቀኑ የሚያጋጥመው ነገር አራት ነጥብ ነው። ብዙ ሰው «።»ን ከመጻፍ ይልቅ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ለዐይን አንድ ይመስላል፤ ነገር ግን በመስመር መጨረሻ ላይ ተከፍሎ ግማሹ ወደ ቀጣዩ መስመር ይወርዳል። ረቂቁ ከመላኩ በፊት በአንድ ትእዛዝ ሁሉንም መተካት ይቻላል። በሰንጠረዥ ውስጥ የግዕዝ አኃዝ አይመከርም፤ ዜሮ የለውምና የቁጥሮቹ ዐምድ አይገጥምም።

ስለ ሙያ ቃላት የምንለው የዚህ ጽሑፍ አንባብያን ከማንም ይልቅ የሚያውቁት ነው። ጸሐፊው አዲስ ቃል ከመፍጠሩ በፊት ቀድሞ የተሰየመ እንዳለ መዛግብተ ቃላትን ይመርምር። «ቫይረስ»ና «ኮምፒውተር» ከሕዝብ አፍ ገብተዋልና ሌላ ስም አይፈለግላቸው። በርግጥ ስም የሌለው ነገር ሲያጋጥም ቃሉ በመጀመሪያ በሚጠቀስበት ቦታ ከነፍቺው ይተዋወቅ፤ ከዚያ በኋላ ለአንድ ነገር አንድ ስም ብቻ ይጽና። ከአዲስ ቃል ይልቅ አስቸጋሪው የነበረው ቃል ነው። «መደብ» በሰዋስው «አንደኛ መደብ፣ ሁለተኛ መደብ» ይባላል፤ በማኅበራዊ ጥናት የኑሮ ደረጃን ያመለክታል፤ በገጠር ቤት ውስጥ ደግሞ የሚቀመጡበትና የሚተኙበት ከፍ ያለ ቦታ ነው። «ድግግሞሽ»ም ለፊዚክስ አንድ ነገር፣ ለሰታትስቲክስ ሌላ ነገር ነው። የድምፅን ሞገድ እየለካ በዚያው ጽሑፍ የቃላትን ብዛት የሚቆጥር የቋንቋ ተመራማሪ ሁለቱን ካልለየ ሰንጠረዡን የሚያነብ ሰው የቱን እንደ ለካ አያውቅም። የባዕድ ቋንቋ አቻዎችን በየመስመሩ በቅንፍ ከመሰግሰግ በመጨረሻ ገጽ ላይ በሙዳየ ቃላት መሰብሰብ ይሻላል፤ ሙዳዩ በኋላ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችም ጥሬ ዕቃ ይሆናል።

ረቂቁ በስም አልባ ገምጋሚዎች የሚመረመር ከሆነ የጸሐፊው ስም ከመጀመሪያው ገጽ ብቻ ሳይሆን «ቀደም ሲል ባደረግሁት ጥናት» ከሚሉ አገላለጾችም ይውጣ። በአማርኛ ግሱ ራሱ ባለቤቱን ስለሚናገር ይህ ከሌሎች ቋንቋዎች ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ገምጋሚው የሰጠው አስተያየት ሲመለስ በየተራ ቁጥር ተሰጥቶት መልስ ይጻፍለታል፤ ያልተቀበሉትን አስተያየት በምክንያት አለመቀበል ነውር የለውም።

ጽሑፉ ተቀባይነት አግኝቶ የመጨረሻው እርማት ለጸሐፊው ሲላክለት አብዛኛው ሰው የሚያነበው የራሱን ዐረፍተ ነገር ነው። እርሱስ ቀድሞ ታርሟል። በዚህ ጊዜ የሚመረመረው የዋቢው ዝርዝር ነው፤ አማርኛ የማያነብ የኅትመት ሠራተኛ ስሞችን በመመሪያው መሠረት ሊገለብጣቸው፣ ዓ.ም. የሚለውንም ትርፍ ነው ብሎ ሊያወጣው ይችላል። ዝርዝሩ መጀመሪያ ከተላከው ረቂቅ ጋር ጎን ለጎን ተደርጎ ስም በስም፣ ዓመት በዓመት ይነበብ።